የውሻ ሦስተኛ የዓይን ቆብ እጢ ሲወጣ፦ ሳይቆርጡ ወደ ቦታው የመመለስ ቀዶ ሕክምና

በደሴና በኮምቦልቻ ግቢ፣ መጋዘን ወይም ፋብሪካ እንዲጠብቁ በሚያድጉ ቡችሎች፣ በተለይም ከውጭ ዝርያ በተዳቀሉት፣ የዓይን ውስጠኛ ማዕዘን ላይ ቀይ፣ ለስላሳና ድቡልቡል እብጠት በድንገት ብቅ ሲል ባለቤቶች «ዓይኑ ሥጋ አበቀለ» ብለው ወደ ሐኪም ያመጧቸዋል፤ የሚጠይቁትም ሥጋው እንዲቆረጥላቸው ነው። የወጣው ነገር ግን እንባ የሚያመነጭ እጢ ስለሆነ ሊቆረጥ አይገባም፤ ወደ ቦታው ተመልሶ መሰፋት አለበት። ሥራው የተራቀቀ የዓይን ክፍል አይፈልግም፤ ማደንዘዣን በጥንቃቄ መስጠት የሚችል፣ ጥቂት ትንንሽ መሣሪያዎችና ቀጭን ክር ያሉት የእንስሳት ሐኪም በከተሞቻችን ክሊኒኮች ሊያከናውነው ይችላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእንስሳት ሐኪሞችና በወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ ትምህርታቸውን ለሚያጠናቅቁ ተማሪዎች ነው። የውሻ ባለቤቶች ስለ ዝግጅትና ስለ ቤት ውስጥ እንክብካቤ የተጻፈውን ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል፤ ቀዶ ሕክምናውን ግን በቤት ውስጥ ማንም መሞከር የለበትም።

ስለ እጢው

ውሻ ከላይኛውና ከታችኛው ቆብ በተጨማሪ፣ በአፍንጫ በኩል ካለው ማዕዘን ተነሥቶ ዓይኑን በሰያፍ የሚጠርግ ሦስተኛ የዓይን ቆብ አለው። ቅርጹን የሚጠብቅለት በመካከሉ ያለው የ«ቲ» ቅርጽ የያዘ ልም አጥንት ሲሆን፣ የልም አጥንቱን ግርጌ ዙሪያውን ያቀፈው እጢ ዓይን ከሚያገኘው ውሃማ እንባ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ያመነጫል። ቀሪውን የሚያመነጨው ከዓይኑ በላይ በውጭ በኩል የሚገኘው ዋናው የእንባ እጢ ነው። የሦስተኛውን ቆብ እጢ ከዓይን ጉድጓድ ግርጌ ጋር አያይዞ የሚይዘው ሥሥ ሕብረ ሕዋስ ሲላላ እጢው ይገለበጥና ከቆቡ ጠርዝ በላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ አየር ያደርቀዋል፣ አቧራና የውሻው መዳፍ ያቆስሉታል፤ ባበጠ ቁጥርም በራሱ ወደ ቦታው የመመለስ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል።

ችግሩ በአብዛኛው የሚታየው ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ውሾች ላይ ነው። ቡልዶግ፣ ኮከር ስፓንየል፣ ቢግል፣ ፔኪኒዝ፣ ሺህ ትዙ፣ ላሳ አፕሶና እንደ ማስቲፍ ያሉ ግዙፍ ዝርያዎች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ ከእነዚህ የተዳቀሉ ቡችሎችም እንዲሁ። የአንደኛው ዓይን እጢ ከወጣ የሁለተኛውም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሊከተል ስለሚችል፣ ይህንን ለባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን መንገር ኋላ ላይ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል።

መቁረጥ ለረጅም ዘመን ጥሩ ሕክምና መስሎ የቆየበት ምክንያት ጉዳቱ የሚዘገይ መሆኑ ነው። እጢው የተቆረጠበት ቡችላ በሳምንቱ ዓይኑ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ዋናው የእንባ እጢ በዕድሜ ወይም በሕመም ሲዳከም ግን የሚያግዘው ሌላ እጢ ስለሌለ ዓይኑ ይደርቃል፤ ወፍራምና ተጣባቂ ዓይናር ይሞላዋል፣ ጥርት ያለው የዓይን የፊት ሽፋን (ኮርኒያ) የደም ሥር ያበቅላል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ብርሃኑ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ውሻው የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስለሆነ፣ እጢውን የቆረጠው ሰው የእጁን ሥራ ፍጻሜ ሳያይ መቁረጡን ይቀጥላል። የደረቀ ዓይን የሚታከምበት የሳይክሎስፖሪን ቅባት በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ቢገኝም በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ የሚሰጥ ነው። በዚህ ምክንያት እጢውን የማዳን ግዴታ መድኃኒቱ እንደ ልብ ከሚገኝበት አገር ይልቅ በእኛ ዘንድ ይበረታል ብዬ አምናለሁ።

ምርመራው

ውሻውን ከመንካት በፊት ስለ እብድ ውሻ በሽታ መጠየቅ ይገባል፦ ክትባት ወስዷል ወይ፣ በቅርቡ በሌላ ውሻ ተነክሷል ወይ፣ ጠባዩ ተለውጧል ወይ፣ ለሃጩ ይዝረከረካል ወይስ መንጋጋው ተንጠልጥሏል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ጥርጣሬ ካሳደረ የዓይኑ ጉዳይ ይቆያል፤ ውሻው ከሰው ተለይቶ ይያዛል። ጤናማ በሚመስለው ውሻም ላይ ቢሆን አፍ ማሰሪያና ጓንት ሊረሱ አይገባም።

ቀጥሎ የወጣው ነገር በእርግጥ እጢው መሆኑ ይረጋገጣል። ወጣት ውሻ ላይ ለስላሳ፣ ቀይና ድቡልቡል ሆኖ ከቆቡ ጠርዝ ጀርባ የተነሣ እብጠት ብዙ ጊዜ የተገለበጠው እጢ ነው። ነገር ግን የልም አጥንቱ ራሱ ወደ ውጭ የተጠቀለለ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚታየው ድቡልቡል እብጠት ሳይሆን የተጣጠፈ የቆብ ጠርዝ ነው። ቆቡ በሙሉ ወደ ላይ ወጥቶ እጢው ካልታየ መንሥኤው የዓይን ሕመም፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የነርቭ ችግር፣ ቴታነስ ወይም ከዓይኑ ጀርባ ያለ መግል ወይም ዕባጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ምላጭ ከማንሣት በፊት ይህ ይጣራል። ዕድሜው በገፋ ውሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ጠጣርና ወጣ ገባ እብጠት ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ወደ ውስጥ ተከቶ አይሰፋም፣ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል እንጂ።

የእንባው መጠን የሚለካው ማስታገሻም ሆነ ጠብታ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ አትሮፒንና የማደንዘዣ መድኃኒቶች እንባን ስለሚቀንሱ ዘግይቶ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል። የሺርመር ወረቀት ጫፉ ታጥፎ ከታችኛው ቆብ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ይቀመጣል። እርጥበቱ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከደረሰ ደህና ነው፤ ከ10 እስከ 15 አጠራጣሪ ነው፤ ከ10 በታች ዓይኑ መድረቁን፣ ከ5 በታች ደግሞ ድርቀቱ የከፋ መሆኑን ያመለክታል። ሁለቱም ዓይኖች ይለካሉ፣ ቁጥሩም በካርዱ ላይ ይጻፋል። የተዘጋጀው ወረቀት ከገበያ ሲጠፋ ከዋትማን ቁጥር 41 ማጣሪያ ወረቀት 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ በንጽሕና ቆርጦ የሁለቱን ዓይኖች ልዩነት ማነጻጸር ይቻላል። ከዚያም በፍሎረሲን ቀለም ኮርኒያው ይፈተሻል። አረንጓዴ ቀለም የያዘ ቦታ ቁስለት ነው፤ ቁስለት ባለበት ዓይን ላይ ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ፈጽሞ አይደረግም። ብዙ ባለቤቶች ወደ ክሊኒክ ከመምጣታቸው በፊት ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ገዝተው ስለሚሞክሩ፣ የያዙትን ብልቃጥ እንዲያሳዩ መጠየቅ ጠቃሚ ነው።

ዝግጅትና ማደንዘዣ

እጢው በጣም ካበጠ ወይም ዓይናሩ ከበዛ፣ ለጥቂት ቀናት በአንቲባዮቲክ ቅባት አርጥቦና ውሻው ዓይኑን እንዳያክ አንገቱ ላይ ሾጣጣ መከላከያ አድርጎ እብጠቱን ማብረድ ስፌቱን ያቀልላል። ይህ ግን የሳምንታት ማዘግየት ሰበብ መሆን የለበትም፤ ለወራት የቆየ እጢ ይጠጥራል፣ ልም አጥንቱንም ያጣምማል፣ ከተሰፋ በኋላም እንደገና የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ባለቤቱ በቤቱ በጣቱ ገፍቶ እንዳይመልሰው ሊነገረው ይገባል።

ያደገ ውሻ ማታ 2 ሰዓት ላይ የመጨረሻ ምግቡን ከበላ በኋላ እስከ ጠዋት አይመገብም፤ ውሃ ግን እስከ ማለዳ ሊጠጣ ይችላል። ትንሽ ቡችላ ስኳሩ ቶሎ ስለሚወርድ ለረጅም ሰዓት አይጾምም፤ አራት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። በኮምቦልቻ፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት፣ ቀዶ ሕክምናው በጠዋት ተጀምሮ ውሻው እኩለ ቀን ሳይደርስ እንዲነቃ ማድረግ ይመረጣል፤ አፍንጫቸው ያጠረ ውሾች በሙቀት ውስጥ ትንፋሽ ያጥራቸዋልና። ደሴ ላይ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በክረምት ቀን ማደንዘዣ የወሰደ ቡችላ ሙቀቱ በፍጥነት ስለሚወርድ ብርድ ልብስና በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ አስቀድሞ ይዘጋጃል።

ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ዛይላዚንና ኬታሚን ነው። ውሻው በግምት ሳይሆን በሚዛን ተመዝኖ መጠኑ ይሰላለት። ዛይላዚን የልብ ምትን ያዘገያል፣ ብዙ ጊዜም ያስመልሳል፤ በኬታሚን ጊዜ ደግሞ ዓይን ተከፍቶ ስለሚቆይ የማይሠራበትን ዓይን በቅባት መሸፈን የግድ ነው። የደም ሥር መስመር ይከፈት፣ አፍንጫው ላጠረ ውሻ የመተንፈሻ ቱቦ ይግባለት፤ ቱቦው የሚወጣው ውሻው መዋጥ ሲጀምርና ራሱን ቀና ሲያደርግ እንጂ ስፌቱ እንዳለቀ አይደለም። በእነዚህ ዝርያዎች ላይ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የሚያስፈራው የመንቂያው ሰዓት መሆኑን ደጋግሜ ለማሳሰብ እወዳለሁ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ ቁጥር 15 ምላጭ፣ ቀጭን ጥርስ ያለው ወረንጦ፣ ጫፉ ያልሾለ ትንሽ መቀስ፣ ሁለት ትንንሽ መቆንጠጫዎች፣ ለቀጭን መርፌ የሚሆን መርፌ መያዣና የዓይን ቆብ መክፈቻ። ክሩ በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ፣ የውፍረት ቁጥሩ 5-0 ወይም 6-0 የሆነ ፖሊግላክቲን፣ በተለምዶ ቪክሪል የምንለው፣ ይሁን። ከእንስሳት አንጀት የሚሠራው ወፍራም ክር (ካትገት) ሕብረ ሕዋሱን ያስቆጣል፣ ሐርም ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ ተስማሚው ክር እስኪገኝ ቀጠሮውን ማስተላለፍ ይሻላል። መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ በግንባር የሚታሰር ባትሪና የሚቻል ከሆነ ማጉያ መነጽር በአጠገብ ይኑር።

ቀዶ ሕክምናው

ውሻው በጎኑ ወይም በደረቱ ተኝቶ ጭንቅላቱ በተጠቀለለ ፎጣ ላይ ይደገፋል። ዓይኑና የቆቦቹ ውስጥ የሚታጠበው 10 በመቶ የሆነው ፖቪዶን አዮዲን 1 እጅ ከ50 እጅ ኖርማል ሳላይን ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ሳሙና ያለበት አዮዲን፣ አልኮልና ክሎርሄክሲዲን ኮርኒያን ስለሚጎዱ ወደ ዓይን አይቀርቡም። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ሳላይን ይለቀለቃል፣ የሚያደነዝዝ የዓይን ጠብታ ካለም ይጨመራል።

ከዚህ በታች የተገለጸው በሞርጋን ስም የሚታወቀው የኪስ ዘዴ ሲሆን፣ በብዙ ሐኪሞች ዘንድ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ግልጽ እንዲሆን ወደ ውጭ የሚመለከተውን የሦስተኛውን ቆብ ገጽ የፊት ገጽ፣ ዓይኑን የሚነካውን ደግሞ የኋላ ገጽ እላለሁ። የቆቡ ጠርዝ በግራና በቀኝ በሁለቱ መቆንጠጫዎች ቀስ ብሎ ተይዞ ወደ ውጭና ወደ አፍንጫ በኩል ሲገለበጥ የኋላው ገጽና በላዩ ያበጠው እጢ በሙሉ ይታያሉ። መቆንጠጫው ጠርዙን እንዳይጨፈልቅ በእርሱ ፋንታ ሁለት የመያዣ ክሮች ማሳለፍም ይቻላል።

በኋላው ገጽ ላይ ሁለት ቅደቶች ይሠራሉ። አንደኛው በእጢውና በቆቡ ጠርዝ መካከል፣ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከእጢው ባሻገር፣ በቆቡ ግርጌ በኩል ይሆናል። እያንዳንዳቸው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይኖራቸዋል፣ ጥልቀታቸውም ሥሡን ሽፋን ብቻ የሚከፍት ነው። ጫፎቻቸው መገናኘት የለባቸውም፤ በሁለቱም በኩል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያልተነካ ሽፋን ይቀራል። ይህ ክፍተት የእንባው መውጫ በር ነው። እጢው ዙሪያውን ከተዘጋ የሚያመነጨው እንባ መውጫ ስለሚያጣ ከስፌቱ ሥር ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይፈጠራል፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም ይጠይቃል።

ከዚያም ጫፉ ያልሾለ መቀስ በቅደቶቹ ውስጥ ገብቶ ከእጢው በሚርቀው በኩል ያለው ሽፋን ከሥሩ ቀስ ብሎ ይላቀቃል፤ በተለይ በግርጌው በኩል ለእጢው የሚበቃ ኪስ መከፈት አለበት። ጥቂት ደም ይኖራል፤ በጥጥ ጫፍ ለአንድ ሁለት ደቂቃ መጫን ብዙውን ጊዜ ያቆመዋል። እጢው ራሱ አይቧጠጥም፣ አይላጥም፣ «ትንሽ ይቀነስለት» ተብሎም አይቆረጥም።

የስፌቱ አጀማመር ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። መርፌው ከፊት ገጽ ገብቶ በአንደኛው ቅደት ጫፍ አጠገብ በኋላው ገጽ ይወጣል፤ ቋጠሮው በፊት ገጽ ይቀራል። ቀጥሎ የሁለቱ ቅደቶች ውጫዊ ጠርዞች በእጢው ላይ እየተገናኙ ያለማቋረጥ ይሰፋሉ፤ ረዳቱ በወረንጦ ጀርባ እጢውን ወደ ኪሱ ሲገፋ ሐኪሙ በየ2 ሚሊ ሜትሩ እየወጋ ክሩን ያጠብቃል። በሌላኛው ጫፍ መርፌው እንደገና ወደ ፊት ገጽ ተመልሶ ይወጣና እዚያው ይቋጠራል። በትልልቅ ውሾች ላይ ክሩ ሳይቋጠር በመጀመሪያው ስፌት ላይ ጠርዙን ወደ ውስጥ በሚያጥፍ ሁለተኛ ስፌት ተመልሶ ከመጀመሪያው ጫፍ ጋር ቢቋጠር ይበልጥ ይጸናል። ቋጠሮ በኋላው ገጽ ከቀረ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ኮርኒያውን ይፍቃል፤ የዓይን ማዝ የሽፋሽፍት ፀጉርን ቀልብሶ የሰው ዓይን ምን እንደሚያደርግ የወሎ ሰው በሚገባ ያውቃል፣ የክር ቋጠሮም በውሻ ዓይን ላይ የሚያደርገው እንደዚያው ነው።

ልም አጥንቱ የተጠቀለለ ከሆነ ከመሰፋቱ በፊት በዚያው ቅደት በኩል የታጠፈው ትንሽ ክፍል ብቻ ከሽፋኑ ተለይቶ ይወጣል። መጨረሻ ላይ መያዣዎቹ ተለቅቀው ቆቡ በራሱ ወደ ቦታው መመለሱ ይታያል፣ የኋላው ገጽ በእርጥብ የጥጥ ጫፍ ተዳስሶ የሚቆረቁር ክር አለመኖሩ ይረጋገጣል፣ ኮርኒያውም እንደገና በቀለም ይፈተሻል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

ውሻው ክሊኒኩን ሳይለቅ የአንገት መከላከያው መታሰር አለበት። የተዘጋጀው ከሌለ ያገለገለ የራጅ ፊልም በሾጣጣ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ በፕላስተር ተሸፍኖ ከአፍንጫው ጫፍ ጥቂት እንዲያልፍ ቢደረግ ያገለግላል። ለ14 ቀናት፣ ሲበላም ሲተኛም አይወልቅም፤ ምግብና ውሃው ከፍ ባለ ዕቃ ይቀርብለታል። ስፌቱ ከተበላሸባቸው ውሾች የብዙዎቹ ምክንያት ይህ መከላከያ «አሳዘነኝ» ተብሎ በሦስተኛው ቀን መውለቁ ነው።

አንቲባዮቲክ የዓይን ቅባት፣ ለምሳሌ ቴትራሳይክሊን 1 በመቶ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል ይደረጋል። ለሕመሙ ሜሎክሲካም በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም፣ በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር ይሰጣል፤ ውሻው የኩላሊት ሕመም ወይም ትውከት ካለበት አይሰጥም። ለሰው የተገዛ ዳይክሎፈናክ ወይም አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ አቁስሎ ሊገድል ስለሚችል ይህን ለባለቤቱ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ ደሴ መጥቶ የታከመ ውሻ ጠመዝማዛውን መንገድ ከመውረዱ በፊት በደንብ ነቅቶ መቆም መቻል አለበት። ጠባቂ ውሻም ቢሆን እነዚህን ሁለት ሳምንታት ከመኪና መንገድ አቧራ ርቆ፣ በጥላና በደረቅ ቦታ ያሳልፍ፤ በክረምት ጭቃ ላይ ማሰር ስፌቱን ያመረቅዛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ቆቡ ማበጡና መቅላቱ የሚጠበቅ ነው። ውሻው ዓይኑን ጨፍኖ ከያዘ፣ ኮርኒያው ሰማያዊ ወይም ነጭ ጉም ከለበሰ ወይም አረንጓዴ ዓይናር ከበዛ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይመለስ፤ አብዛኛውን ጊዜ ክር ኮርኒያውን እየፋቀ ነው። ያለ ችግር ለሄደ ውሻ በ3ኛውና በ14ኛው ቀን፣ ከዚያም በወሩና በስድስት ወሩ ክትትል ይደረጋል፤ የእንባ ልኬቱም ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። በትክክል የተሰፋ እጢም ቢሆን ኋላ ሊዳከም ስለሚችል የዓመት ልኬት መልካም ልማድ ነው።

እጢው ተመልሶ ከወጣ

ከተሰፉት ጥቂቶቹ፣ በተለይ ግዙፍ ዝርያዎችና ለረጅም ጊዜ ወጥተው የቆዩት፣ እንደገና ሊወጡ ይችላሉ። ይህ መቁረጫ ምክንያት አይሆንም። እብጠቱ ከበረደ በኋላ ኪሱ ደግሞ ይሠራል፣ ወይም እጢው በማይሟሟ 3-0 ክር ከዓይን ጉድጓዱ የታችኛው አጥንት ሽፋን ጋር ይታሰራል። የማሰሩ ዘዴ ጠንካራ ቢሆንም የሦስተኛውን ቆብ እንቅስቃሴ ስለሚቀንስ ከኪሱ በኋላ ቢመጣ ይሻላል። እጢው ቀድሞ ተቆርጦበት የሚመጣ ውሻ ሲያጋጥም ደግሞ የቀረውን ማንኛውንም የእጢ ክፍል ጠብቆ እንባውን በየጊዜው መለካትና ድርቀት ሲጀምር ሳይዘገዩ ሳይክሎስፖሪን 0.2 በመቶ በቀን ሁለት ጊዜ መጀመር ነው የሚቻለው።

በቆብ ጠርዝ ላይ ያሉት እጢዎች

በላይኛውና በታችኛው ቆብ ጠርዝ ላይ እንባው በቶሎ እንዳይተን ቅባት የሚያመነጩ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ትንንሽ እጢዎች ተደርድረው ይገኛሉ። አንዱ መግል ይዞ ሲያምና ሲቀላ በመጀመሪያ የሚታከመው በሞቀ ንጹሕ ጨርቅና በአንቲባዮቲክ ነው። ቅባቱ ወደ ውስጥ ፈስሶ የማያምም፣ ጠጣርና ቢጫ ቋጠሮ ከሆነ ቆቡ ተገልብጦ ከውስጥ በኩል ይሰነጠቅና ይዘቱ በትንሽ ማንኪያ መሳይ መሣሪያ ተጠርጎ ይወጣል፤ ስንጥቁ በክር አይሰፋም።

በዕድሜ የገፉ ውሾች ጠርዝ ላይ እንደ ኪንታሮት የሚያድገው ዕባጭ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ኮርኒያውን ሳይፍቅ፣ ትንሽ ሳለ ቢወጣ ግን ቀላል ነው። ከቆቡ ርዝመት ከአንድ አራተኛ ያልበለጠ ሲሆን በ«ቪ» ቅርጽ ተቆርጦ በሁለት ንብርብር ይሰፋል። መጀመሪያ የሚሰፋው የቆቡ ጠርዝ ነው፤ በ6-0 ክር የስምንት ቁጥር ቅርጽ ባለው ስፌት ሁለቱ ጠርዞች ያለ ምንም ደረጃ እኩል መግጠም አለባቸው፣ የክሩም ጫፍ ከኮርኒያው ርቆ ይቆረጣል። የተቆረጠው ሥጋ አይጣልም፤ የራሱን አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ተቀምጦ፣ የውሻው ዕድሜና የተወሰደበት ዓይን ተጽፎበት፣ የሕብረ ሕዋስ ምርመራ ወደሚደረግበት ላቦራቶሪ ይላካል።